አጥሬ ላይ ያለው ሐረግ

ሰኞ፣ መስከረም 12

ከሥራ መልስ ሐረጌን አጠጣሁ። እጣቢ አይደለም፤ ከበርሜል፣ ንጹህ ውሃ። ችግኝ ሻጩ ሃኒሰክል ይለዋል። አመሻሽ ላይ ግቢውን በሽታው ይሞላዋል። ደክሞኝ ስገባ በር ላይ የሚቀበለኝ እሱ ነው፤ ሌላ ማን አለኝ?

ጎረቤቴ አቶ ተካ ግን ወደ እሱ የተሻገረውን ሁሉ በመቀስ ከርክሞታል። አልጋ ላይ የዋሉት እናቱ ወ/ሮ በላይነሽ ሽታው እባብ ይጠራል አሉ አሉ። እባብ! ካዛንቺስ መሀል! እዚህ ሰፈር በሆዱ የሚሳበው ተካ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 14፣ ማታ

ማስታወሻዬ፣ ጉድ ስማ። ተካ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ገዝቶ በጣሳ ተክሏል። አቧራውን ሲያራግፍለት ደረስኩ። ሳቄን እንደ ምንም ዋጥኩት።

ስለ ሐረጉ ብጠይቀው፣ በእኔ በኩል ያለው የእኔ ነው አለኝ። ኦሎምፒያ አንድ መ/ቤት ማህተም ይመታል፤ ሕግ አዋቂ ሆኖልሃል። በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታም የለም።

እሁድ፣ መስከረም 18፣ ጠዋት

ወ/ሮ በላይነሽ ሌሊት አረፉ። ነፍስ ይማር። አላዘንኩም፤ ይህን የምለው ላንተ ብቻ ነው።

የእድሩ ዳኛ በማለዳ መጣ። የተካ ግቢ ድንኳን አይችልም፤ ከእኔ ግቢ ጋር ይገናኝ፣ አጥሩ ይነሳ አለ። አጥሩ ማለት ሐረጉ ነው። ለቅሶ ነው፣ እምቢ አይባልም። በእኔስ ቀን ማን ይቆምልኛል?

ጎረምሶቹ ገጀራ ይዘው ሲመጡ አስቆምኳቸው። ከሥሩ ክንድ ያህል አስቀርቼ በገዛ እጄ ቆረጥኩት። ተተክሎ ሊበቅል የሚችለውን ቁራጭ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩ።

ያው ቀን፣ ማታ

ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እግር የረጋገጠውን ቅጠል አየሁና ተንሰቀሰቅኩ። ማቆም አቃተኝ። ሴቶቹ ከበው ያባብሉኛል። አንዷ እንዴት ብትወዳቸው ነው ትላለች፤ ሌላዋ ልጃቸው እንኳ እንዲህ አላለቀሰም እያለች ታንሾካሹካለች። ሞኞች! አላረምኳቸውም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ሠልስቱ አለቀ፤ ድንኳኑ ተነሳ። ተካ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ዓይኑ አብጧል። እናቴን ይህን ያህል እንደምትወጃቸው አላውቅም ነበር አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እማዬ መቃብር ላይ የምተክለው አንድ ቁራጭ ስጪኝ!

ያን ሽታ እንዲያ ለጠሉት ሴትዮ! ደግሞ ይህ ሰው ቢተክለው እንኳ በማግስቱ ያደርቀዋል።

ነገ ከባልዲው ረጅሙን መርጬ እኔው ሄጄ እተክለዋለሁ። እዚያ መቀስ ይዞ የሚመጣበት ጎረቤት የለም።