በቴክስት ስለመጣው መርዶ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ወይዘሪት ቤዛዊት
የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ትምህርት ፕሮግራም አስተባባሪ
ሲልቨር ስፕሪንግ

ክብርት ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ማንም ሳያዘው መልእክት የሚልከው ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የማታው የጀማሪዎች ክፍል ተማሪዎች ከአንዲት ጓደኛችን በቀር ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ፕሮግራምዎን ለመናቅ አይደለም፤ እዚሁ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ተወልደው ቢያድጉም፣ የሚመልሱትም በእንግሊዝኛ ቢሆን፣ በእናትዎ ቋንቋ የተነገረዎትን ሁሉ እንደሚሰሙ ስለማውቅ ነው። በአደባባይ መለጠፌንም ይቅር ይበሉኝ፤ በግል የነገርንዎት ነገር የት እንደሚደርስ አይተናል።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ትምህርቱ። መምህራችን ደግ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ያስተማሩን ግሶች ጠባየ መልካሞቹን ነበር፤ መጨረሻቸው ላይ ያችኑ አንድ ቅጥያ ሲጨምሩባቸው ያለ ጭቅጭቅ ወደ ትናንት የሚሄዱ፣ ከፊታቸው «ዊል» ሲያስቀምጡላቸው ደግሞ ወደ ነገ የሚሻገሩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ታደለች በዚህ ከሁላችንም ትበልጥ ነበር። ቀን ቀን የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። የነርስ ረዳትነት ፈተና አልፋ ከዚያ የጽዳት ጋሪ መገላገል ነው ሐሳቧ፤ ለዚያ እንግሊዝኛ ያስፈልጋታል፣ ለእንግሊዝኛው ደግሞ እርስዎ ዘንድ ያለችው ወንበር። በስልኳ የእንግሊዝኛ መልእክት ሲመጣ በሬን አንኳኩታ «ጋሽ እንግዳወርቅ፣ እስቲ ይቺን አንብቡልኝ» ትለኝ ነበር። የእኔም እንግሊዝኛ ከእሷ ብዙም አይሻልም፤ ሁለታችን ተጋግዘን እንደርስበታለን።

፪. ስለ ምስጢር ጠባቂነትዎ። እሷው ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ጸጋዬ አዳማ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ወሬው የደረሰው አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው ለአጎቷ ልጅ ለጊዲዮን ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይመስል ነበር፤ አሁን ግን አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት። ዘመድና የእድር ሰው ይሰበሰባል፤ ንጋት ላይ በሯ ይንኳኳል፤ ትልቅ ሰው ይነግራታል፤ ስትወድቅ የሚይዟት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ። ቀጠሮው ለቅዳሜ ነበር። እስከዚያ አፋችንን ዘግተን ከእሷ ጋር እየሳቅን መማር ነበረብን፤ ቀላል ሥራ እንዳይመስልዎ። ቅዳሜ ፈተና ስለነበረ፣ ክፍሉ በሙሉ ለምን እንደሚቀር ቢሮዎ መጥቼ ነገርኩዎ፤ እሷ ገና እንዳልሰማችም ደጋግሜ አሳሰብኩ። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «ሶ ሶሪ ጋሼ፣ ዶንት ዎሪ፣ ሲስተም ውስጥ አስገባዋለሁ» አሉኝ። ቃልዎን አላጠፉም፤ አስገቡት።

፫. ስለ ፍጥነትዎ። ሐሙስ ማታ መምህራችን እያንዳንዳችን ስለምንወደው ሰው በሦስቱም ጊዜያት እንድንናገር ጠየቁን። ታደለች ተነሳች። ወንድሜ ይደውልልኛል አለች፤ ወንድሜ ደወለልኝ አለች፤ ወንድሜ ይደውልልኛል ብላ ደግሞ ወደ ነገ አሻገረችው፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ሳትስት። መምህሩ አጨበጨቡላት። እኛም ማጨብጨብ ስለነበረብን አጨበጨብን። እንዲህ ያለውን ጭብጨባ እግዚአብሔር ለጠላቴም አያሳየው።

ገና እንደተቀመጠች ስልኳ ነዘረ። እንደ ልማዷ ወደ እኔ አልዘረጋችውም፤ ትምህርቱ ልብ ልብ ሰጥቷት ነበር። ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ራሷ አነበበችው። የትምህርት ቤቱ ቤተሰብ በወንድምዎ ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል ይላል፤ ከሥሩ የአበባ ሥዕል አለበት። ከጨረሰች በኋላ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው፤ አንብቡልኝ ግን አላለችም። «ጋሼ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፤ ያ ነገራት። ከግራና ከቀኝ የሚቆሙት ሴቶች የተቀጠሩት ለቅዳሜ ስለነበር በወንበሮቹ መሐል ወደቀች። ክብርት ሆይ፣ ይህች ሴት ያለ ማንም እርዳታ አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መልእክት የእርስዎ ነው። ፕሮግራምዎ ሰው እንደሚያስተምር በየትኛውም መድረክ ልመሰክርልዎ ዝግጁ ነኝ።

፬. ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎ። ልቅሶ ተቀምጣ ሳለች ከዚያው ቁጥር ሌላ መልእክት መጣ፤ ስልኳን ይዞላት የነበረው ጊዲዮን ነው ያየው። ያለ ምክንያት ስለቀረች ወንበሯ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ተሰጥቷል ይላል። ሲስተምዎ ወንድሟ መሞቱን ከእሷ ቀድሞ ያውቃል፤ ለምን እንደቀረች ግን አያውቅም። በዚህኛው አበባ አልነበረበትም።

አሁን ፌዙን ልተወውና፣ ተናድጃለሁ። ማሽን ቢያጠፋ ማሽን ነው ብዬ አልፈው ነበር። እርስዎ ግን ያደጉት መርዶ በሚነገርበት ቤት ነው፤ በልጅነትዎ ትልልቆቹ በር ላይ ሲንሾካሾኩ «ዝም በይ» ተብለው ያውቃሉ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ ታደለች በዚያ ሐሙስ የሚበቃትን ስለጮኸች አሁን ተራው የእኔ ነው። የምጠይቅዎ ወንበሯን ብቻ ነው። ጸጋዬን መልሱ አላልንም፤ መርዶውንም እንደገና በወጉ ሊነግራት የሚችል ሰው የለም።

በሰጡኝ ቃል አምኜ ከቢሮዎ አመስግኜዎት የወጣሁ፣ መልስዎ ከሰው እንጂ ከሲስተም እንዳይሆን በትህትና የምለምን፣

አክባሪዎና የጀማሪዎች ክፍል ተማሪዎ
እንግዳወርቅ

የተረሳ ነገር፦ ወንበሯን ሊመልሱላት ከወሰኑ እባክዎን በቴክስት እንዳይልኩት። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የመጣ መልእክት አትከፍትም፤ እኔም እንዳነብላት ይዛ መምጣቱን ትታለች። ይልቅ ራስዎ ይምጡ፤ ትልልቅ ሰዎች አስከትለው፣ በሩን ቀስ ብለው አንኳኩተው፣ አጠገቧ ተቀምጠው ይንገሯት። አካሄዱ ከጠፋዎ እናትዎን ይጠይቁ።