የእናቴን ጉድጓድ ሳይነግሩን መጥተው ይለኩልን

ለተከበሩ የሸለቆው የውሃ ጥናትና እቅድ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ጸሐፊዎስ፣ በርዎ ላይ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣው ያ የአበባ መደብስ እንደምን አሉ? እርስዎ ደህና ካልሆኑ እኛን የታችኛውን ሰፈር ሰዎች ማን ያጠናናል ብዬ ነው።

እኔ ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቴን ጥዬ የወጣሁ፣ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነኝ። ባለፈው ቢሮዎ መጥቼ ስጮህ ጥበቃው «ይቺ እሳት!» ብሎ በክንዴ ይዞ ያስወጣኝም እኔው ነኝ። አይስጉ፣ ዛሬ አልጮህም። መጮህም ጉልበት ይፈልጋል።

አስቀድሜ ላመስግን። ለስብሰባ ጠርተውን አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያሳዩን የኮምፒውተር ሞዴል እጅግ ያምር ነበር። ውሃው ከመሬት በታች ከተራራው ወደ እኛ ሲወርድ በሰማያዊ ቀስት፣ ሸለቆው ሲያድግና ፎቅ ሲበቅልበት ደግሞ በቀይ አየን። በእኛ ቤት ስር ቀስቱ ከመብዛቱ የተነሳ እናቴ እንዳይነካት እግሯን ሰብስባ ነው የተቀመጠችው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች ግን በትህትና እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

፩ኛ. ጉድጓዶቻችንን ከመለካትዎ በፊት ማስታወቂያ መለጠፍዎ ጨዋነት ነው፤ ችግሩ እኛም ጨዋዎች መሆናችን ነው። ጎረቤታችን በያጁ ማስታወቂያውን እንዳየ «እንግዳ መጥቶ ባዶ ጉድጓድ ይታያል እንዴ? በሉ አሳርፉት!» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። ሰፈሩ በሙሉ ጉድጓዱን አሳረፈ፤ ባልዲ አልወረደም፣ ፓምፕ አልተነሳም፣ ሁላችንም ከሩቁ ቦኖ እየተሸከምን ሰነበትን። እናቴም በክፍያ የምታጥበውን የክሊኒኩን አንሶላ ተሸክማ አክስቴ ቤት ወስዳ አጠበች። ካልተነካ ደግሞ የትኛውም ጉድጓድ ውሃው ቀስ እያለ ከፍ ይላል።

፪ኛ. የላኩልን ባለሙያ ትሁት ልጅ ነው። ጫፉ ውሃ ሲነካ የሚጮኸውን ሜትር ቁልቁል ቢለቀው ወዲያው ጮኸ። እናቴ ፊቷ በራ፤ ከእኔ ያጣችውን ፈተና የሚያልፍ ልጅ ጉድጓዱ ሰጣት። «እማማ፣ ሰሞኑን ቀድታችኋል?» ሲላት «ኧረ እንደ ልባችን ነው የምንቀዳው የኔ ልጅ! ይኸው ቢጨልፉት አያልቅ!» አለችው። አፌን ልከፍት ስል በክርኗ ጎሸመችኝ። እሱም ጻፈ። የሰው እናት ማመን ደግ ነገር ነው፤ ግን ዞር ብሎ ባልዲያችን ላይ ሸረሪት ማድራቱን ቢያይ ምን ነበረበት?

፫ኛ. እንዲህ ተኩለው የቀረቡ ጉድጓዶች ኮምፒውተርዎ ውስጥ ገቡ፤ እሱም የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ስለሆነ «ውሃ ሞልቷል፣ ሸለቆው ይደግ» አለ። ላይኛው ሰፈር ለአዲሶቹ ፎቆች ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፓምፑ ተነሳ፣ የእኛ ውሃ ወረደ። አሁን ባልዲው ታች ሲደርስ ጭቃ ብቻ ነው የሚመታው። እናቴ የክሊኒኩን አንሶላ ጥንቅቅ አድርጋ አጣጥፋ፣ ጫፉን ከጫፍ ገጥማ ለሌላ አጣቢ አስረከበች። እንደ ድሮዬ ቢሆን አንድ ዕቃ እሰብር ነበር። ተነስቼ የማስጫ ገመዱን ጠቀለልኩ።

፬ኛ. ሁለተኛው ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ የሚያሳይ ችካል ከቤታችን በላይ ተተክሏል። ይሄ ከተቆፈረ ጭቃውም አይተርፈንም። እውነቱን ልነግርዎ ብመጣ ጸሐፊዎ «እናትሽ በአፏ የተናገረችውን ልታስተባብዪ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ለማስተባበል ነው። ልመናዬም አንድ ናት፤ ሳይቆፈር በፊት መጥተው ይለኩ፣ ግን ለማንም አይንገሩ። ውሃ እየቀዳን፣ ቤቱ ሳይጠረግ፣ ድንገት ይምጡብን። እናቴ ትቆጣለች። ትቆጣ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለባልዲያችን ረጅም ገመድን ከልብ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስላባከንኩ ከመሬት ዝቅ ብዬ፣ ማለትም ውሃችን ካለበት ብዙም ሳልርቅ፣ እጅ እነሳለሁ፤

የልብስ አጣቢዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን ሳልልከው ቢሮዎ ድጋሚ ለመለካት ወስኗልና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በራችን ላይ «በመጪው ሰኞ ጉድጓዶች እንደገና ስለሚለኩ ነዋሪዎች አስፈላጊውን ዝግጅት እንድታደርጉ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዝግጅቱ ተጀምሯል። በያጁ የውሃ ቦቴ ሊያስመጣ እየዞረ ነው። እናቴ ደግሞ ይኸው ከቦኖ የተሸከመችውን ጀሪካን ጉድጓዱ ውስጥ እየገለበጠች «ነይ አግዢኝ እንጂ፣ ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ትለኛለች። ልሄድላት ነው።