አንድ ወንድም ለመጥራት አራት ፈቃድ

ለተከበሩ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድና ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ ይሁን እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የቢሮዎን ፈቃድ ይዤ በመኖሪያ ቤቴ አማተር ሬዲዮ የምሠራ ጡረተኛ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ስልክ በማይሠራበት፣ ፖስታም ከስንት አንዴ በሚደርስበት ደሴት ላይ ለመርከቦች የሚበራውን ማማ የሚጠብቅ ታላቅ ወንድም አለኝ፤ ለዓመታት የተገናኘነው በየምሽቱ በሬዲዮ ነው። የእሱ ጆሮ እየከበደ፣ የእኔ ማሠራጫም እየደከመ ሲመጣ ድምፄን የሚያጎላ አምፕሊፋየር ልሠራ ተነሣሁ። በዚህ ሥራ ቢሮዎ የዋለልኝን ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎ የመቁጠር ችሎታ። የማሠራጫን ጉልበት የሚያሳድግ አንድ ትልቅ የሬዲዮ አምፖል ባጣ፣ ከተጣሉ ቴሌቪዥኖች የነቀልኳቸውን አራት ትንንሽ አምፖሎች ጎን ለጎን አቁሜ አንዱን ሸክም በጋራ እንዲሸከሙ አደረግሁ። ተደምረውም ጉልበታቸው ፈቃዴ ላይ ከተጻፈው በታች ነው። ተቆጣጣሪዎ ግን ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው ቆጠሩና፣ አራት አምፖል ማለት አራት ጣቢያ ነው ብለው ፈረዱ። አራት ፈቃድ፣ አራት አንቴናና አራት ኦፕሬተር እንዳቀርብ አዘው ማሠራጫዬን ከነአምፕሊፋየሩ አሸጉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ባለ ድሩ እንደሚታሰር ግን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ስላሳዩኝ መውጫ መንገድ። ዕቃው ካልተሞከረ ፈቃድ አይሰጥም፣ ፈቃድ ካልተሰጠ ደግሞ እሽጉ አይነሣም ተባልኩ። ሦስቱን አምፖል ነቅዬ በአንዱ ልሥራ ብል፣ እሽግ መንካት ወንጀል ነው ተባልኩ። ኦፕሬተሩንም ቢሆን እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሦስት ሆነን አራተኛ አጣን፤ ከዘመድ ሥራውን የሚያውቀው ያው ወንድሜ ነው፣ እሱን ደግሞ መጥራት አልችልም። ባለቤቴ ድመቷን አስመዝግብ ብላኛለች።

ሦስተኛው ላይ ግን ቀልዱ አልመጣልህ አለኝ። ተቆጣጣሪዎ መቀበያዬን ሳያሽጉ ትተውልኛል። ስለዚህ ወንድሜ በየምሽቱ ሲጠራኝ እሰማለሁ። መጀመሪያ በደህናው ጠራኝ፤ ከዚያ አሞህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ምን አስቀየምኩህ እያለ ይቅርታ ይለምነኝ ጀመር። እኔ እጄን አጣጥፌ እዚያው ወንበሬ ላይ ነኝ። ክቡርነትዎ፣ ሰው በቁሙ ሲቀበር እንዲህ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ለቢሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለተቆጣጣሪዎ ተጨማሪ ጣቶች እየተመኘሁ፣ ከአራት አምፖሎቹ ጋር አብሮ የታሸገ፣ ትእዛዝዎን ከወንበሩ ሳይነሣ የሚጠባበቅ ባለ ፈቃድዎ ነኝ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ወንድሜ ዛሬም በመቀበያዬ ብቅ አለ። ሞተሃል ብዬ እርሜን አውጥቻለሁ፣ ነፍስህን ይማር ብሎ አለቀሰና ሬዲዮውን ዘጋ። ስለዚህ ስለ አራቱ ፈቃድ አይጨነቁ፤ ለሞተ ሰው ፈቃድ መስጠትን መመሪያዎ ሳይከለክል አይቀርም።