ባትህን የማላሽበት ምክንያት

ሐሙስ፣ የካቲት 12 ቀን፣ ጠዋት

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ እህትህ ካረፈች ወዲህ ደህና የሚባለውን ያህል። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የሥራ ባልደረባህ፣ ረዥሙ ሹፌር ነው። እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ በማለዳ ጀመርኩት።

ትናንት በስልክ ግራ ባትህ አብጦ እንደሚያቃጥልህ ስትነግረኝ ሐኪም ቤት ሂድ አልኩህ። "እማዬ፣ ያንቺ እጅ እያለ? ቅዳሜ መጥቼ ታሺልኛለሽ" ብለህ ሳቅህብኝ። የቀረውን መናገር አቃተኝና ዘጋሁት።

እህትህን ያየቻትና የረጋ ደም ነው የገደላት ያለችን ሐኪም ዘንድ ከቀብሩ በኋላ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሦስተኛው፣ "እናቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምንዎን አመመዎት?" አለችኝ።

"ጥያቄ ነው የያዘኝ።"

ሳቀችና ወንበር ሳበችልኝ።

"ሰው ሲቆረጥ ደሙ ረግቶ ያድነዋል። ታዲያ ያው ነገር እንዴት ይገድላል?" አልኳት።

ወረቀት ላይ ሁለት ቧንቧ ሣለችልኝ። ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ይባላል። ደም ቅዳ ውስጥ ስብ ግድግዳው ላይ ይጋገርና ሲሰነጠቅ ደም እላዩ ላይ ይረጋል፤ ልብን ወይም አንጎልን የሚመታው እሱ ነው። ሲጋራና ደም ግፊት ያባብሱታል። ደም መልስ ውስጥ ግን ደሙ ሲንቀራፈፍ ይረጋል፤ እህትህ እግሯ በጀሶ ታስሮ ስትተኛ፣ አንተም ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ስትቀመጥ። እግር ላይ የረጋው ተነቅሎ ሳንባን ይዘጋል።

"መድኃኒት የለውም?"

"አለው እንጂ! በጊዜ ለመጣ ደም ማቅጠኛ እንሰጣለን።"

"እንደ ሾርባ ያቀጥነዋል?"

"ስሙ ነው እንጂ አያቀጥነውም። የረጋው እንዳያድግ ይይዘዋል፤ ቀስ ብሎ የሚያሟሟው ራሱ ሰውነት ነው። የልብና የአንጎሉ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ መንገዱ ወዲያው መከፈት አለበት።"

ሰውነታችን ይህን ሁሉ ማወቁ ደነቀኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኳት።

ልጄ፣ ላንተ አልነገርኩህም። ጀሶው ሲፈታ የእህትህ ባት አብጦ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ወገቡን ሲይዘው እኔ ጋ አይደል የሚመጣው? ጅማት መስሎኝ ዘይት አሙቄ ሦስት ቀን አሸሁላት። "እማዬ፣ ያመኛል" ስትለኝ "ቻይው፣ እየለቀቀሽ ነው" አልኳት። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ማሸት አይመከርም፣ ሊነቅለው ይችላል። ሳይታሽም ግን ይነቀላል። የእሷ የትኛው እንደነበር ማንም አያውቅም" አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኳት። ያንኑ መለሰችልኝ።

ስለዚህ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ሐኪም ቤት ሂድ። ምርመራው አያምም፤ የእርጉዝ ሆድ በሚያዩበት መሣሪያ ባትህን ያዩታል። ደረትህን ከወጋህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ደግሞ አትንዳ፣ ሰዎች ይውሰዱህ። ሳትታይ ከመጣህ በሩን እከፍትልሃለሁ፣ እግርህን ግን አልነካም።

ዕድሜህ ከእኔ ይርዘም። መንገድህ ሁሉ ቀና ይሁን።

እናትህ

ጎረቤቶች ደውለው ለምን ማሸት እንደተውኩ ቢጠይቁህ፣ እጇን ያማታል በላቸው።