ስለ ዲስክ ማንበቢያው፣ ስለ ታሂርና ስለሚፈለጉት አምስት ግለሰቦች

ንፋስ መውጫ፣ ግንቦት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የደቡብ ድንበር ኬላ የፍተሻ ኃላፊ
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ከርሟል፣ የቆላው ሙቀትስ እንዴት ይዞዎታል እያልኩ፣ የአክብሮት ሰላምታዬን ከሩቅ እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። እኛ በጋይንት ደጋ የምንኖረው፣ ብርዱም ፍርሃቱም እንደ ልማዱ ሆኖ፣ በሕይወት አለን። ስምዎን ጠርቼ ሰላም ለማለት እወድ ነበር፤ ነገር ግን የላኩልን ደብዳቤ ማኅተም እንጂ ስም ስላልነበረው፣ ሰላምታዬን ለማኅተምዎ ያድርሱልኝ ከማለት በቀር ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

እኔ ሥዩም ቀለመ ወርቅ የተባልኩ፣ ቀድሞ በአውራጃው ፍርድ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በዳኝነት ያገለገልኩ፣ ዛሬ ደግሞ የእርዳታ እህል የሚያከፋፍለው የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆንኩ ሰው ነኝ። ደብዳቤዬ በእጅ የተጻፈው ክብርዎን ለማጉደል አይደለም። የጽሕፈት ሠራተኛችን ወይዘሮ የሻረግ የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበቡ የመኪናው ሪባን አልቋል ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሪባኑ ትናንት የተገጠመ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔም «እውነትዎን ነው፣ አልቋል» አልኳቸው።

ነገሩ እርስዎ ዘንድ በፋይል እንዳለ ባውቅም፣ ይህን ደብዳቤ ቆመው የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስላሉ ከመነሻው ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ለመጋዘናችን ኮምፒዩተር ሰጠን። ስሙ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሁለት ጊዜ እንዳይወስድ፣ ያልተጻፈም ባዶ ስልቻ ይዞ እንዳይመለስ፣ ከጋይንትና ከስማዳ ስንዴ የሚቀበሉ የአሥራ አንድ ሺህ አባወራዎች ስም በእርሱ ገባ። በጥር ወር ግን ስሞቹ የተቀመጡባቸውን ዲስኮች የሚያነበው ክፍል፣ በማኅደሩ እንዳለ ዳዊት የምታህል ጥቁር ሣጥን፣ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ከዕቃው ጋር የመጣው የዋስትና ወረቀት፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የተበላሸ ክፍል ናይሮቢ ላለው ወኪል ተወስዶ ከቀረበ ያለ ክፍያ በአዲስ ይለወጣል ይላል። ስለዚህ የመጋዘኑን መዝገብ ያዥ ታሂርን፣ የወገዳውን የጨው ነጋዴ የጁሃርን ልጅ፣ በመሣሪያው የሠለጠነ ብቸኛ ሰዋችንን፣ ዘጠኝ ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ አስይዘን ላክነው። ወኪሉ የተበላሸውን ተቀብሎ አዲሱን ሰጠው። ታሂር ሚያዝያ 1 ቀን ሲመለስ በኬላዎ እንዲቆም ታዘዘ፤ ዛሬ ሠላሳ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

ግንቦት 1 ቀን የደረሰን ደብዳቤዎ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አጥጋቢ መልስ ካልተሰጠ ተጠርጣሪው «ወደሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል» ይላል። ያ ክፍል ምንን እንደሚመለከት አላውቅም፤ ወደዚያ ተላልፎ የተመለሰ ሰውም አላውቅም። ስድስት ቀን ቀርቶናል። እንግዲህ በስድስት ቀን ውስጥ ታሂር እንዲለቀቅልን እየለመንኩ፣ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ቁጥሩ። በመውጫ ፈቃዱ የተመዘገበው የዲስክ ማንበቢያ ቁጥሩ በ417 የሚያልቅ፣ ታሂር ይዞት የተመለሰው ግን በ902 የሚያልቅ ስለሆነ፣ «የመንግሥትን ንብረት ውጭ አገር አስቀርቶ ምንነቱ ያልታወቀ መሣሪያ አስገብቷል» ተብሏል። ለዚህ ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ችሎት ላይ ስቀመጥ፣ የተበላሸ ዕቃ ሊያስለውጥ የሄደ ሰው ንጹሕነቱ የሚረጋገጠው ያንኑ የተበላሸውን ዕቃ ይዞ ሲመለስ መሆኑን ሳላውቅ መቅረቴ ያሳፍረኛል። በአገራችን ማረሻው የተሰበረበት ገበሬ ስብርባሪውን ለቀጥቃጭ ሰጥቶ አዲስ ይዞ ሲወጣ፣ ጎረቤቱ «እንኳን ቀናህ» ይለዋል እንጂ «የቀድሞው ብረት የት ደረሰ» ብሎ አያስረውም። ይህ የእኛ ኋላ ቀርነት መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ። ለውጡን የሚያስረዳው የወኪሉ ደረሰኝ በታሂር ኪስ ነበር፤ ደብዳቤዎ ስለ ደረሰኙ ምንም አለመናገሩን ከትሕትና እቆጥረዋለሁ።

2ኛ. ስለ አገላለጹ ጨዋነት። ታሂር ታስሯል አላሉም፤ «ለአጭር ማብራሪያ እንዲቆይ ተደርጓል» አሉ። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የዛሬ አሥር ዓመት፣ ከአጠገቤ ጠረጴዛ ይሠራ የነበረ ደምሌ የሚባል ዳኛ የመሬት ክርክር ፍርድ በመጻፍ ላይ ሳለ፣ ሁለት ሰዎች በትሕትና ገብተው ለአጭር ማብራሪያ እንደሚፈለግ ነገሩት። እርሱም ብዕሩን ከደነና፣ ያው መመለሱ ነው ብሎ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ መዝገቡን ክፍት ትቶት ወጣ። የመጨረሻው መስመር «ስለዚህ ፍርድ ቤቱ» ይላል። ማብራሪያው ረዘመ። ባለጉዳዮቹ ከታች ጋይንት ድረስ በእግራቸው እየመጡ ሲቸገሩ፣ ከአራት ወር በኋላ ዐረፍተ ነገሩን እኔ ጨረስኩት። የት እንደገባ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ሚስቱ የትኛው በር ላይ ሄዳ መቀመጥ እንዳለባት እንኳ አልታወቀም። ስለዚህ፣ ጓድ ኃላፊ፣ ደብዳቤዎ ጮክ ተብሎ ሲነበብና ያ ቃል ላይ ሲደረስ፣ በፊቴ ተከፍቶ የነበረውን መዝገብ ቶሎ ዘጋሁት።

3ኛ. ስለ አምስቱ ግለሰቦች። ከአዲሱ ዕቃ ጋር በአንድ ሣጥን በቆዳ የተሰፋ አነስተኛ ጥቅል ተገኝቷል፤ ስፌቱ ተቀድዶ ሲታይ በብራና ላይ የተጻፉ አምስት የምስጢር ስሞች ተገኝተውበታል፤ በመሆኑም «ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ እና ሮዳስ የተባሉ ግለሰቦች አድራሻና የሥራ ድርሻ ተጣርቶ ይገለጽልን» ብለው አዘውናል። ትእዛዝዎ በትጋት ተፈጽሟል። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ተሻገር ሁለት ቀን ሙሉ የነዋሪዎችን መዝገብ አገላብጠው፣ ሳዶር የሚባል ነዋሪ አለመኖሩን፣ ሮዳስ የሚለው ስም ግን የጎረቤታችን የእስቴ አገር ስም ስለሚመስል ወደዚያ ቢጠየቅ እንደሚሻል በጽሑፍ ገልጸዋል።

ፍለጋዎን ላሳጥርልዎ። እነዚህ ጌታችን የተሰቀለባቸው የአምስቱ ቅንዋት፣ ማለትም የአምስቱ ችንካሮች ስሞች ናቸው። ቋሚ አድራሻ የላቸውም። የሥራ ድርሻቸው በእጅና በእግር ውስጥ ማለፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ድርጅት ስለ መደራጀታቸው የደረሰኝ መረጃ የለም። የተገኘውም ጥቅል ክታብ ይባላል። በእኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ነገር፣ ሰውም ይሁን በቅሎ፣ ያለ ጠባቂ ጽሑፍ አይሸኝም። ይህ ከወቅቱ ንቃት ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ በጥናት ክበብም ደጋግመን ተምረነዋል፤ ተምረን ስንወጣ ግን መንገዱ ያው ሩቅ ሆኖ ይቆየናል።

4ኛ. መጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ከቅዳሜ ጀምሮ ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው አንድ ጋዜጣ፣ አንዱን ገጽ፣ ለአራተኛ ቀን እያነበበ ነው። ለንባብ ባህል ስለሚደረገው ድጋፍ አመሰግናለሁ። የገበያ ወዳጆቼም በሩቁ ሲያዩኝ መንገድ እየለወጡልኝ ስለሆነ፣ ሰላምታ በመመለስ የምደክመው ድካም ቀርቶልኛል።

5ኛ. ስለ ጸሐፊው። ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ታሂር ክታቡን ማን እንደጻፈው ሲጠየቅ «አላውቅም፤ ከዕቃው ጋር የመጣ ነው» ብሎ እንደጸና ደብዳቤዎ ይናገራል፤ በምን ዓይነት አጠያየቅ እንደጸና ግን አይናገርም። ታሂር ያውቃል። ሲጻፍ አጠገቤ ቆሞ ቀለሙን ይዞልኝ ነበር።

በየካቲት ወር የታሂር እናት ወይዘሮ አሲያ ከወገዳ ድረስ መጥተው ቢሮዬ ገቡ። «ልጄን ሼሁ ዱዓ አድርገውለታል፤ ለእሱ አላስብም» አሉኝ። «ዕቃው ግን የፈረንጅ ነው፤ ማንን እንደሚሰማ አይታወቅም። ለእሱ እርስዎ ይጻፉለት፣ ዳኛው። ዕቃው ደህና ከገባ ልጄም ደህና ይገባል።» እኔ በልጅነቴ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ስማር ክታብ መጻፍንም ከጓደኞቼ ለምጄ ነበር፤ ዳኛ ከሆንኩ ወዲህ ግን በአደባባይ ሳፌዝበት ኖሬአለሁ። እንግዲህ ያ ፌዘኛ ዳኛ በምሳ ሰዓት ቢሮውን ዘጋ፤ ከአሮጌ ማኅደሩ የብራና ቁራጭ አወጣ፤ አምስቱን ስሞች ጻፈ፤ በቆዳ ሰፋ፤ ከሣጥኑ ውስጥ ከጥቁሯ ዕቃ ጋር አሰረው። እናቲቱ የሰውን ጥበቃ ለራሳቸው ወስደው የዕቃውን ለእኔ ሰጡኝ። ዕቃው ሳይበላሽ ተለውጦ ከድንበራችን ደጃፍ ደረሰ፤ ሰውየውን ያስያዘው የእኔ ጥበቃ ሆነ።

ደብዳቤዎ በኮሚቴው ፊት ሲነበብ ስድስቱም ሽማግሌዎች የእጅ ጽሕፈቴን ያውቃሉ፤ ስድስቱም ወለሉን አዩ። እኔ «ይጣራል» አልኩና ስብሰባውን ዘጋሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ምስክሮችን «የምታውቀውን ተናገር» ስል የኖርኩ ሰው፣ ስምንት ቀን ሙሉ የማውቀውን ሳጣራ ሰነበትኩ። ባለፈው ዓርብ ወይዘሮ አሲያ እንደገና መጡ። ከሳሽ ሆነው ይመጣሉ ብዬ በጓሮ ልወጣ ስል በሩ ላይ ተገናኘን። «ዳኛው» አሉኝ፣ «ልጄ ቢጨንቀው ስምዎን ይጠራ ይሆን ብዬ አልተኛሁም። እባክዎ ይቅር ይበሉት።» እኔ ከእርሳቸው ልሸሽ ነበር የምወጣው፤ እርሳቸው ግን የመጡት ለእኔ ፈርተው ነው።

ስለዚህ፣ የተከበሩ ጓድ ኃላፊ፣ የምትፈልጉት ጸሐፊ ተገኝቷል። አድራሻዬ ንፋስ መውጫ፣ ከመጋዘኑ በላይ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ነገር ግን ሰው እንዲልኩ አያስፈልግም። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ የማስረክበው እኔ ራሴ ነኝ። ነገ ጠዋት በሚነሣው አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ መንገዱ ካልተበላሸ በአምስተኛው ቀን ኬላዎ እደርሳለሁ። ታሂር ወጥቶ እኔ ብገባ፣ የሰው ቁጥሩ ስለማይጎድል ለመዝገብዎ አይከብድም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በእርስዎ ዘንድ አንዱ በሌላው ሲለወጥ የሚያስከስስ መሆኑን ግን አልዘነጋሁም። እፈራለሁ። ፍርሃቴን የምጽፈው በኋላ «ሳይፈራ ነው የመጣው፣ ተማምኖ የመጣው ነገር አለ» ተብሎ ሌላ ፋይል እንዳይከፈትብኝ ነው።

በየደብዳቤው ግርጌ የሚጻፈውን መፈክር የተውኩት ከንቀት አይደለም፤ ከ«ወይም» ቀጥሎ ያለውን ቃል በዚህ ሳምንት እጄ ሊጽፈው እምቢ ስላለኝ ነው። እስክንገናኝ ድረስ ጤናና ብርታት እየተመኘሁልዎ፣ ለኬላዎ አጥርም ጥንካሬን እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ድንጋጤ ጋር እሰናበታለሁ።

አምስቱን ተፈላጊዎች በስም የማውቃቸው
ሥዩም ቀለመ ወርቅ
(ፊርማ፤ ማኅተም የለውም)

ግልባጭ
ለእርዳታ መጋዘኑ በር፣ ንፋስ መውጫ፤
ለገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ወገዳ፤
ለእስቴ ገበያ፣ ሮዳስ ምናልባት እዚያ ካለ፤
ለወይዘሮ አሲያ፣ ወገዳ፣ የሚያነብላቸው ሰው እንዲያነብላቸው፤
ይህ ሁሉ ግልባጭ የተበተነው፣ ብቀር የትኛው በር ገብቼ እንደቀረሁ እንዲታወቅ ነው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የናይሮቢው ወኪል ለመጋዘናችን በፖስታ የላከው ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ከተበላሸው ዕቃ ጋር በቆዳ የተሰፋ አንድ ነገር ማግኘታቸውን፣ መሐንዲሶቻቸው ተሰብስበው ቢመለከቱትም አገልግሎቱን ሊያውቁት አለመቻላቸውን፣ የማያውቁትንም ነገር መቅደድ ተገቢ ስላልመሰላቸው ስፌቱን ሳይነኩ ከአዲሱ ዕቃ ጋር መልሰው ማሰራቸውን፣ ሆኖም ለእርሱ ዋስትና እንደማይሰጡ በትሕትና ገልጸዋል። ባዕዶቹ ያላወቁትን ሳይከፍቱ መልሰዋል፤ ቋንቋውን የሚያነቡት ወገኖቼ ቀድደውታል። እንግዲህ የተቀደደውን የምሰፋበት ወስፌ ይዤ እመጣለሁ። በፍተሻ ጊዜ ምንነቱ ያልታወቀ መሣሪያ እንዳይባልብኝ ከወዲሁ አስመዘግባለሁ፤ አንድ ወስፌ፣ እጀታው የወይራ፣ ቁጥር የለውም።