ካርዱን ላላተሙልን ለወይዘሮ ለተብርሃን ኣባይ

ከቦሌ ምሥራቅ ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር ቦርድ
ነሐሴ 23 ቀን 1991 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራች አባልና የበጎ አድራጎት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ለተብርሃን ኣባይ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ነሐሴ 19 ቀን በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግሥቱ በሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ሀዘናችን ከባድ ነው። በእሳቸው ትከሻ ላይ ጥለነው የኖርነውን ሥራ ማን እንደሚይዘውም ገና አላወቅንም።

ወይዘሮ ለተብርሃን አክሱም ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ለረጅም ዓመታት ከሠሩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ቦሌ ውስጥ የራሳቸውን ማተሚያ ከፈቱ። ዋና ገበያቸው የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ነበር። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን የሚያትሙት ካርድ የዓመት የቤት ኪራያቸውን ይሸፍን እንደነበር እኛ ደንበኞቻቸው እናውቃለን።

በሐምሌ 1988 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለደንበኛ፣ ለባንክና ለቀበሌ የምንልከውን ካርድ ትተን ወጪውን ገርጂ ላለው ጧሪ ያጡ አረጋውያን መጠለያ እንድንሰጥ ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ካርድ አታሚ ራሱ ካርድ ይቅር ሲል ብዙዎቻችን ከጀርባው ሌላ ነገር ያለ መስሎን ነበር። ምንም አልነበረም። ሠላሳ ስምንት አባላት ፈረምን።

መስከረም 1989 ዓ.ም. ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ካርድ የቀረበት ደንበኛ ሁሉ የተቀየምነው መሰለው። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አባላችን አቶ ሱልጣን ሰይድ የአሥር ዓመት ደንበኛቸው ሱቃቸውን አልፎ ከጎረቤት መግዛት መጀመሩን አመለከቱ። ወይዘሮ ለተብርሃን ከአቶ ሱልጣን ጋር የሰውየው ቤት ድረስ ሄደው ነገሩን አስረዱ። ሰውየውም ይህንኑ ጽፋችሁ ብትልኩልኝ ምን ነበረበት ብሎ መለሰላቸው።

ምክሩ ለሁላችንም ጥሩ መሰለን። በነሐሴ 1989 ዓ.ም. «ዘንድሮ ካርድ አንልክም፤ ወጪውን ለአረጋውያን ሰጥተናል» የሚል፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ካርድ እንዲያትሙልን ሃያ ስድስት አባላት አዘዝናቸው። የቦርዱ አባላት በሙሉ ከአዛዦቹ መካከል ነበርን። ትእዛዙን አንድ ሳያስቀሩ መለሱ። በዚያው ወር ስብሰባችን ላይ የተናገሩት በቃለ ጉባኤው እንዲህ ተመዝግቧል፦ «እሱን ካተምኩማ ገንዘቡ እኔው ኪስ ገባ፤ ሽማግሌዎቹ ምን አገኙ? አንተ ሱልጣን ደግሞ ጨርቅ ስትሸጥ ምላስ አላጣህም። ለደንበኛህም በአፍህ ንገረው።»

ከዚያ ወዲህ የሰጪዎችን ስም የያዘ አንድ ወረቀት በየሱቃችን መስኮት ላይ ይለጠፋል። ዝርዝሩን በእጃቸው የሚጽፉት፣ በየሱቁ ዞረው የሚያስፈርሙትም እሳቸው ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. የመጠለያው ጣሪያ ተለውጦ አርባ አንድ አረጋውያን በክረምት ዝናብ ሽሽት አልጋ መጎተት አቆሙ።

ያለፈውን እንቁጣጣሽ በተመለከተ እውነቱን መሸፈን አይገባም። የፈረምነው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነን። ሌሎቻችን ካርዳችንን ፒያሳ ማሳተም ጀምረናል። ወይዘሮ ለተብርሃን ይህንን እያወቁ የማንንም ስም አላነሱም። የመጠለያው ኃላፊ ዘንድሮም ዝርዝሩ ካነሰ ከአረጋውያኑ የተወሰኑትን ለማሰናበት እንደሚገደዱ በደብዳቤ አሳውቀውናል።

የአበባ ጉንጉን እንዲገዛና በጋዜጣ የሀዘን ማስታወቂያ እንዲወጣ የጠየቃችሁ አባላት አላችሁ። ቦርዱ አልተቀበለውም። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

ለልጃቸው ለወይዘሪት ረሆቦት፣ ለመላው ቤተሰባቸውና ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች መጽናናትን እንመኛለን።

ወይዘሪት ረሆቦት ከእናታቸው ጠረጴዛ ላይ ያገኙትን የ1992 ዓ.ም. ዝርዝር ለማኅበሩ አስረክበዋል። ሠላሳ ስምንት መስመር ተሰምሮበታል። በመጀመሪያው መስመር ላይ በእጅ ጽሑፋቸው «ለተብርሃን ማተሚያ ቤት» ተብሎ ተፈርሟል። የቀረው ባዶ ነው። ወረቀቱ እስከ ጳጉሜን 3 ቀን በጽሕፈት ቤታችን ይቆያል። ዘንድሮ ይዞት የሚዞር የለም።