ሟቹ ከሥራ እንዲሰናበት ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሥራ ገበታው ላይ የሚገኝ አንድ ሟች እንዲሰናበት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ሻይዎ ያልቀዘቀዘ፣ ስልክዎም እኔ ስደውል ብቻ የሚያዝ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ለጊዜው አለሁ። ደህና ነኝ አላልኩም፤ ይህን ቃል በጋዜጣዎ ላይ መጻፍ የሚያመጣውን መዘዝ ዘግይቼም ቢሆን ስለተማርኩ ነው።

ዘንግተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። በየሳምንቱ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ስድስት መቶ ቃል የምልክልዎ ነጻ ጸሐፊ ነበርኩ። ማዕረጉን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ ከወንበር ነጻ፣ ከዓመት ፈቃድ ነጻ፣ ከሕክምና ነጻ፣ በኋላም እንደታየው ከስም ነጻ። የምሠራው በተከራየሁት አንድ ክፍል፣ ከአናጺ ግቢ ጋር በሚዋሰን መስኮት ሥር ነው። መጋዙ ሲጮህ አስባለሁ፣ ሲያርፍ እጽፋለሁ። ጠዋት ለቀለም ፋብሪካ በራሪ ወረቀት፣ ከሰዓት ለልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ አዘጋጃለሁ። አንድ ሥራ አስኪያጅ በልጁ ምርቃት ላይ የሚያነበውን ንግግር እንባዬን እየጠረግሁ ጽፌለታለሁ፤ ልጁን አላውቀውም። አከራዬ ግን ሥራ እንዳለኝ እስከ ዛሬ ስላላመኑ ለጎረቤት «ቤት የምትውለዋ» እያሉ ያስተዋውቁኛል።

ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ መጀመሪያው ጥሪ ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ወር ግድም ደውለው፣ «የማዕዘኑ ሰው» በሚል የብዕር ስም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ሲጽፍ የኖረው ባለ ዓምድ ጥቂት ስላመመው፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ በእሱ ቦታና በእሱ አንደበት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ከደስታዬ ብዛት የተቀመጥኩበትን ወንበር ገልብጬ ነበር የተነሳሁት። ይህን ሰው የማያነብ ቤት አልነበረም፤ ፊቱን የሚያውቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። «እንዳይታወቅብሽ ብቻ» አሉኝ። ይኸው አልታወቀብኝም፤ ለአመኔታዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በአንድ ቆዳ ውስጥ ስለኖርን አንቱታው ቀርቶብናል።

ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ አንባቢ እንዳይጨነቅ በማሰብ ጽሑፉን በተለመደው አጀማመሩ «እንግዲህ ወዳጄ፣ ሰሞኑን ልቤ ጥቂት አስቸግሮኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ሐሙስ ጠዋት ታትሞ ወጣ። ሐሙስ ጠዋት ሰውየው ተቀበረ። ማክሰኞ ማረፉን እርስዎ በማግሥቱ ማለዳ ሰምተው ኖሯል፤ ለእኔ የነገሩኝ ግን ዓርብ ነው፣ ሥራዬን እንዳይረብሸኝ ብለው። አንባቢ በማያውቀው በእውነተኛ ስሙ፣ አሥራ ስምንት ሰው በተገኘበት ግብዓተ መሬቱ ተፈጽሟል። መቼ እንደምናሳውቅ ስጠይቅዎ «ማንን ቀበርን ብለው ነው የሚያዝኑት? ሰውየው ሞተ እንጂ ዓምዱ አልሞተም፤ ቀጥዪ» አሉኝ። ለነጻ ጸሐፊ ቋሚ ሐሙስ ማግኘት ዘበት ነውና አንገቴን ደፍቼ ቀጠልኩ። ይህን በእርስዎ ላይ ብቻ አልጽፈውም፤ ዝምታው የእኔም ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ ትቼዋለሁ። የቢሮዎን ሊፍት የሚመለከት ነበር፤ ከሌሎቹ ጎን ሲቀመጥ ያሳፍራል።

አራተኛ፣ አንደበቱን እንድላመደው ብለው የላኩልኝን ሁለት ካርቶን ይመለከታል። በአንደኛው የድሮ ጽሑፎቹ፣ በሁለተኛው የአንባቢ ደብዳቤዎችና፣ ከሥር፣ የንባብ መነጽሩ ነበሩ። መነጽሩን ልመልስ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ የሚረከበኝ አጣሁ። አንድ ቀን ፊደል አልታይ ሲለኝ አደረግሁት፤ በልኬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትሕትና አስረዳለሁ። የቀለም ፋብሪካው በራሪ ወረቀቱን መለሰልኝ፤ «እንግዲህ ወዳጄ፣ ግድግዳም እንደ ሰው ነው፤ የሸፈኑበት ሁሉ አንድ ቀን ይላጣል» ብዬ ጽፌበት ኖሯል። ወንድሜ ስልክ ላይ «ምን ነካሽ፣ እንደ ሽማግሌ ታወሪያለሽ?» አለኝና ሳቀ። ደረጃ ስወጣ እጄን ጉልበቴ ላይ ማድረግ ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስለ ራሴ አንድ ገጽ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ ቀትር አንድ ዓረፍተ ነገር አልወጣኝም። ተስፋ ቆርጬ «እንግዲህ ወዳጄ» ብዬ ስጀምር ገጹ በሩብ ሰዓት ሞላ። ስለ ጉልበቴ ሕመም ነበር። እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።

በዚያን ጊዜ ደውዬ «ፈርቻለሁ» ስልዎ «ጥሩ ነው፣ ገጸ ባሕርዩ ውስጥ ገብተሻል» በማለት አበረታተውኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

አምስተኛ፣ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው። በአሥራ አራተኛው ወር ርዕሱን «ይቅርታ» እንዳደርገው አዘዙኝ። ረቡዕ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት መቶ ቃል ጎደለኝ። ከካርቶኑ ውስጥ የዛሬ ሰባት ዓመት ግድም የወጣ ጽሑፍ አገኘሁ፤ ሟቹ አባቱ እየጠጣ እሱንና እናቱን ውጭ ያሳድር እንደነበር ለአንባቢ የተናገረበት ነው። ከዚያ በኋላ በወጣ በሌላ ጽሑፉ፣ እናቱ በዚህ ምክንያት በራቸውን እንደዘጉበት በአንዲት መስመር ብቻ ጠቅሶ አልፏል። እኔ ያቺን መስመር አነሳኋትና ይቅር አስባልኩት። «እናቴን ይቅር ብያታለሁ፤ እሷም ታውቀዋለች» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት መቶ ቃሉ ሞላ። በሰዓቱ ላክሁ። «ግሩም! የሰው ሆድ ታባቢያለሽ» የሚል መልእክት ጻፉልኝ። እናቲቱ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ፣ እርስዎም አልጠየቁኝ፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁ።

ይኖራሉ።

ስድስተኛ፣ ጽሑፉ በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አከራዬ «ቤት የምትውለዋ፣ እንግዳ!» ብለው ተጣሩ። በሩ ላይ የቆሙት ሰማንያ የሚሆናቸው፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ መሆናቸውን በኋላ ነገሩኝ። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥተው አራት ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለዋል። አድራሻዬን ማን እንደሰጣቸው ለማጣራት ኮሚቴ እንዳያቋቁሙ አደራ፤ ስብሰባ ይበዛብዎታል።

«አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁም። «እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኩ።

«ወንድ ይሆናል ብዬ ነበር» አሉና ያለችኝ አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የአናጺው መጋዝ እስኪያርፍ ድረስ ጠበቁ፤ ከዚያ ነገሩኝ። ስለ አባቱ መጠጥ የጻፈው የወጣ ዕለት «ገመናዬን ለአገር ዘረገፍክ፤ ከእንግዲህ ለእኔ ሞተሃል» ብለውት ነበር። እስኪሞት ድረስ ስድስት ዓመት አልተያዩም። እሳቸው ግን በእነዚያ ስድስት ዓመታት ጋዜጣውን አንድም ሐሙስ አላቋረጡም፤ አዟሪው ደጃፋቸው ድረስ ያመጣላቸዋል፤ አጉሊ መነጽር ይዘው ልጃቸውን ያነባሉ።

«ከቀብር ስመለስ ጋዜጣው ደጄ ላይ ወድቋል» አሉኝ። «እጄ ላይ አፈሩ አለ። ገልጬ ሳይ፣ ዛሬ ደህና ነኝ ይላል።»

ከቦርሳቸው ተቆርጣ የታጠፈች የጋዜጣ ቁራጭ አወጡ፤ ይቅርታዋ ናት። ጣታቸውን ዓረፍተ ነገሯ ላይ አሳርፈው «እውነቱን ንገሪኝ፤ እሱ ጽፎ ትቶት ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ መዋሸት እችል ነበር፤ ለመዋሸት ከእኔ የተሻለ የሠለጠነ ሰው በቤትዎ የለም። «ካርቶኑ ውስጥ አገኘሁት» ብል የሚያርፉ መሰለኝ። ነገር ግን እነዚያ ዓይኖች ስንቱን አራስ ሲያዩ የኖሩ ናቸው፤ እውነተኛውን ምጥ ከሐሰተኛው ይለያሉ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ቁራጯን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሷት። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን በእውነት ሊያውቅ እንደሚፈልግ ሰው «እንግዲያው ይቅር ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አንቺን ምን በድዬሽ ነበር?»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። «ልጄ ይቅር ሳይለኝ ሞተ» አሉ። «ከባድ ነው፤ ግን የእኔ ነው። ከልጄ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው። ለምን ወሰድሽብኝ?»

የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ መሞቱ በጋዜጣው ይውጣ። «እየተናገረ እንዴት ልቅበረው?» አሉኝ። ሊወጡ ሲሉ በሩን ይዘው ቆሙና፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «አሁን አንድ ነገር ብጠይቅሽ እንደ እሱ ሆነሽ ትመልሺልኛለሽ?» አሉ። እችል ነበር። ሌላውን ሁሉ ቢረሱት ይህን እንዳይረሱብኝ፤ መልሱ በእሱ ድምፅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ መዳፋቸውን አፌ ላይ አድርገው «ተይው ልጄ፣ ተይው» አሉኝ።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ለረቡዑ ቀጠሮ የማቀርበው ምስጋና ነው። በማግሥቱ ቢሮዎ ገብቼ ነገሩን ሁሉ ሳስረዳዎ በትዕግሥት አዳምጠውኛል። የሰጡኝንም መልስ ከቃሉ ሳላጎድል እጠቅሳለሁ፦ «አሳዛኝ ነው። ለአንድ ጽሑፍ ይሆናል።» ቀጥለውም፣ ነገሩን ብተወው ከወር በኋላ በራሴ ስም፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ስለ ቤት አያያዝ የሚያወራ ዓምድ እንደሚሰጡኝ ቃል ገቡልኝ። ስሜን በጋዜጣ ላይ ለማየት ስንት ዓመት እንደተመኘሁ ያውቁ ነበር። እነሆ ኃጢአቴን በአደባባይ ልናዘዝ፦ ያን ዕለት ከቢሮዎ ወጥቼ፣ ያን ሳምንት አንድ ጊዜ ደግሜ በእሱ ስም ጻፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ከጋዜጣ አዟሪው ፊት ቆሜ ሳየው፣ አንዲት አሮጊት አጉሊ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ታዩኝ። ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩልዎም፤ ሁለቱን ካርቶኖችም በእጄ ተሸክሜ ለእናቱ አስረክቤአለሁ።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን ተመልክተው፣ ሟቹ ከሞተ በኋላ ለአሥራ አራት ወራት ሳያሰልስ ስላበረከተው አገልግሎት ተመስግኖ በክብር እንዲሰናበት፣ ማረፉም በተለመደው ዓምዱ ላይ በእውነተኛ ስሙ እንዲገለጽ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎ እንደማያትሙት ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ በሌላ ጋዜጣ በኩል አውጥቼዋለሁ። ዜናውን እነሆ ቀድሜዎ ነገርኩ፤ «የማዕዘኑ ሰው» ሞቷል፣ ከአንድ ዓመት በላይም ሆኖታል፤ ደህና ነኝ ያላችሁ እኔ ነኝ፤ አንባቢ ሆይ፣ ይቅርታችሁን ለእኔ አስቀምጡልኝ።

ክቡርነትዎ የሰው ድምፅ ሳይቋረጥ እንዲኖር ስላደረጉት ጥረት የሚገባዎትን ሁሉ እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ እርስዎን ለመተካት የሚጠራው ሰውም እንደ እኔ ታዛዥ እንዲሆንልዎ እየጸለይኩ፣ በወንበርዎ ፊት እጅ እነሳለሁ።

በሕይወት የምትገኝ አንዲት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለአንባብያን በሙሉ
ለሟች እናት
ለሟች፣ በትክክለኛ አድራሻው

ሳልረሳው፦ ደብዳቤውን ለማተሚያ ልሰጥ ስል የትናንቱ ሐሙስ ጋዜጣ ደረሰኝ። ዓምዱ በቦታው አለ። አዲሱን ጸሐፊ አላውቀውም፤ ግን ብዕረ መልካም ነው፣ እኔ ራሴ ለጥቂት ልታለል ነበር። እባክዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። «ሰኞ ዕለት ከስንት ጊዜ በኋላ እናቴን ጠይቄ መጣሁ» ብሎ ጽፏል። ዛሬ ጠዋት እናቱ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበሩ፣ ማንም አልመጣም። ይህን እያወቁ፣ ካነበቡት ጀምሮ በራቸውን አይቆልፉም።